ዳማና በርበሬ

ልጄ እባቦቿን ለማራባት ስትነሣ መጀመሪያ ያዘጋጀችው የሰዎች ስም ዝርዝር ነበር። ሣጥኑም ማሞቂያውም ከዚያ በኋላ መጣ። ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የምንኖረውም ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ስም ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ትደውላለች። ምን እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ «አባዬ፣ አንዲት ኮርን ስኔክ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 30 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሁሉም ቢፈለፈሉ የት ይገባሉ?» አለችኝ። ለመጨረሻው ግልገል ቦታ ሳይገኝ ወንዱንና ሴቷን እንደማታገናኝ ቆርጣ ነበር።

ከዚያ ዓመት ትዝታዬ ውስጥ እንደዚህ ዝርዝር ጎልቶ የቀረ የለም። ኮርን ስኔክ የሚባለው ይህ የእባብ ዓይነት በደንብ ከተያዘ በሰው እጅ 15፣ አልፎም 20 ዓመት ይኖራል። በ16 ዓመቱ አንዱን የወሰደ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ምናልባትም ትዳር ሲይዝ እንስሳው አብሮት ነው። ስለዚህ ልጄ የክፍል ጓደኞቿን እባብ ትወዳላችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ወላጆቻችሁ ፈቅደዋል? ኮሌጅ ስትሄዱ ማን ያበላዋል? የቀዘቀዘ አይጥ ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋችሁ አጠገብ ሲቀመጥ እናታችሁ ምን ይላሉ? ጥያቄዎቿ እነዚህ ነበሩ። በመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎቹ ቀሩ። እሷ ግን በማንም አልተቀየመችም፤ ስሙን በአንድ መስመር ትሰርዝና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የባዮሎጂ መምህሯ ለክፍላቸው ሁለት ለመውሰድ ቃል ገቡላት።

ቦታ ከጠፋ ጫካ መልቀቅ ይቻላል ያላትም ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ኮርን ስኔክ ከኒው ጀርሲ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ የሚገኝ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥም በዱር ይኖራል። እሷ ግን የማይለቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው ትላለች። ቤት ያደገ እንስሳ የቤት በሽታ ይዞ ወደ ዱር ዘመዶቹ ይሄዳል፤ ሰው መርጦ ያራባው ደማቅ ቀለምም ጭልፊት ዓይን ውስጥ ይጥለዋል። ይህን ስታስረዳ ድምጿ ከፍ ይል ነበር።

ሴቷ ወደ ቤታችን የመጣችው ልጄ ገና 12 ዓመቷ ሳለ ነው። አንድ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር ይዟት መሄድ አልቻለምና፣ ከነመስታወት ሣጥኗ ተቀበልናት። ጀርባዋ ብርቱካናማ ነው፤ በላዩም ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ሰፋፊ ቀይ ምልክቶች ተደርድረዋል። ሆዷ ደግሞ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀበት ልክ የዳማ መጫወቻ ሰሌዳ ይመስላል። ዳማ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ወንዱን ልጄ የልደት ገንዘቧን አጠራቅማ ከአንድ አርቢ ገዛችው። በእሱ ላይ ጥቁር የሚባል ቀለም የለም፤ ቀይና ብርቱካናማ ብቻ ነው፣ ዓይኑ ሳይቀር ቀይ። እናቷ ከላይ ከደረጃው ሆና አንድ ጊዜ አየችውና «በርበሬ ነው የሚመስለው» አለች። በዚያው ስሙ በርበሬ ሆነ።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እባቦቹ ወዳሉበት ቤዝመንት አልወረደችም። ያደገችው ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እዚያ እባብን መፍራት አለማወቅ አይደለም። በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ በጨለማ ከብት የሚያስገባ፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ የሚጠብቀው ሰው፣ እፉኝትና ሌላውን ለይቶ ለማየት ጊዜ የለውም፤ ዱላ ማንሣት ብቻ ነው ያለው። አገራችን ውስጥ ሰው የሚገድሉ እባቦች አሉ፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ያለ፣ በሌላ አገር የማይገኝ፣ ለሳይንስ እንኳ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1977 የሆነ እፉኝትም አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው ተረት ከእንዲህ ያለ ኑሮ የወጣ ነው። በዚያ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እያየን፣ በአክሱም ነግሦ ሰውና ከብት ይገበርለት ስለነበረው አርዌ እየሰማን ነው ያደግነው። ባለቤቴን ፍርሃትሽ ከንቱ ነው ብዬ ተናግሬያት አላውቅም። ኮርን ስኔክ መርዝ እንደሌለው፣ አይጥ ይዞ በመጠምጠም አፍኖ እንደሚገድል ነገርኳት፤ ሰማችኝ፣ ግን አልወረደችም።

የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩልን በመጡ ቀን ባለቤቴ የመስታወት ሣጥኖቹን በጋቢ አሸፈነች። አባ ግን ቤቱን ሁሉ እየዞሩ ሲረጩ ቤዝመንት ደረሱና «ይህ የተሸፈነው ምንድን ነው?» አሉ። ልጄ ጋቢውን ገልጣ አሳየቻቸው። ጥቂት ቆመው አዩ።

«መርዝ አለው?»

«የለውም፣ አባ።»

«ማን ነው የሚያበላቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ፍጥረቱን የምትጠብቂው ከሆነ በርቺ፣ ልጄ። እናትሽን ግን እንዳታስደነግጪያት» ብለው ጠበሉን በዚያም ረጭተው ወጡ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዳዩን ከኃጢአት ጎራ አወጣችው፤ ፍርሃቱ ግን ቆየ።

ማራባቱ ራሱ አንድ ዓመት ዘግይቷል። አርቢዎች ስለ ሴቷ የሚሉት አነስተኛ ልክ አለ፦ 3 ዓመት፣ 300 ግራም፣ 3 ጫማ ርዝመት። ዳማ ዕድሜውንና ርዝመቱን አልፋ ነበር፤ ክብደቷ ግን ከ300 ብዙም ፈቅ አላለም። ብዙ ሰው በዚህ ይጀምራል። ልጄ አልጀመረችም፤ ያልጠነከረች ሴት እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተጣብቆባት ልትሞት እንደምትችል ስላነበበች፣ ሌላ ዓመት አበላቻት። በየሳምንቱ በዲጂታል ሚዛን ትመዝናታለች፣ ትጽፋለች። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደንም በርበሬ በእርግጥ ወንድ፣ ዳማም በእርግጥ ሴት መሆኗን አረጋገጥን። ሐኪሟ ጫፉ ክብ የሆነ ቀጭን ዘንግ በዘይት ቀብታ ከጅራታቸው ሥር ታስገባለች፤ ወንዱ ላይ ብዙ ርቆ ይገባል፣ ሴቷ ላይ ቶሎ ይቆማል። ያልለመደ እጅ እንስሳውን ስለሚጎዳ ይህ በቤት የሚሞከር አይደለም።

በኅዳር መጨረሻ የብርዱ ሥራ ተጀመረ። ለእኔ ከዝግጅቱ ሁሉ ልቤን የያዘው ይህ ነው። ኮርን ስኔክ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ወራት ባለበት አገር የኖረ ነው። ቅዝቃዜው፣ ቀጥሎም የሚመለሰው ሙቀት፣ ለመራባት የሚያነሣሣውን የሰውነት ዑደት ይቀሰቅሳል። ሳይቀዘቅዙም የሚራቡ አሉ፤ እንዲያውም ብዙ አርቢዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል። ልጄ ሁለቱንም ወገን አንብባ ብርዱን መረጠች፤ የዳማ የዱር ዘመዶች በዚሁ ግዛት በየዓመቱ የሚያልፉበት ነገር ለዳማ አይከብዳትም ብላ። ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ቀድሞ የሚመጣው ጾም ነው። ሙቀቱ ሳይቀነስ ምግብ ብቻ ለሁለት ሳምንት ይቋረጣል። እባብ የዋጠውን የሚፈጨው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነውና፣ ሆዱ ባዶ ሳይሆን ቢቀዘቅዝ ምግቡ ውስጡ ይበሰብሳል፤ እንስሳውንም ይገድላል። ከዚያ ማሞቂያው ቀስ በቀስ ይቀነሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። የመስታወት ሣጥኖቹን ከቤዝመንቱ ደረጃ ሥር ወዳለው ዕቃ ማስቀመጫ አዛወርናቸው፤ የቤቱ ማሞቂያ የማይደርስበት ብቸኛው ቦታ እሱ ነበር። የሚፈለገው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ንጹሕ ውኃ፤ ሌላ ነገር የለም።

እኔ ያን ጊዜ ሌሊት ታክሲ እነዳ ነበር። ከሬገን አየር ማረፊያ የመጨረሻውን ተሳፋሪ አድርሼ ቤት ስገባ ቴርሞሜትሩን የማየው እኔ፣ ጠዋት የምታየው እሷ ሆንን። ከዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ ደብተር በክር አሰረች። እኔ በአማርኛ «ሌሊት 10 ሰዓት፣ 12 ዲግሪ፣ ውኃ ተቀይሯል» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሷ ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በእነሱ ሰዓትና በፋራናይት 54 ብላ ታሰፍራለች። በሳምንት የተገናኘነው በጥቂት ሰዓት ቢሆንም በዚያ ደብተር ላይ በየቀኑ ተነጋግረናል። አማርኛ ማንበብ ከልጅነቷ ጀምሮ ይከብዳት ነበር። በዚያ ክረምት የእጅ ጽሑፌን ሳትጠይቀኝ ማንበብ ጀመረች፤ ቆይታም በአማርኛ መመለስ። «አባዬ በርበሬ ውኃ ጠጣ» የሚለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ብርዱ ለእኔ የሚታለፍ መከራ ብቻ ነበር። መስታወት ላይ የተጋገረውን በረዶ ስፍቅ፣ ጣቴ መሪው ላይ ሲደነዝዝ፣ የካቲት እስኪያልቅ ቀን እቆጥር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ታኅሣሥ ውስጥ ሞቅ ያሉ ቀናት ሲመጡ ተጨነቅሁ፤ ወርጄ ትንሿን መስኮት ከፈት አደርጋለሁ፣ ቴርሞሜትሩ ወደ 12 እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ለአንድ ሕይወት ብርዱ የሚያስፈልገው ምግቡ ነው ብዬ ያሰብኩት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። እንስሳቱም ፈጽመው አይተኙም። ባትሪ አብርቼ ሳይ ዳማ አንዳንዴ አንገቷን ቀስ አድርጋ ታነሣለች፣ ምላሷን አውጥታ አየሩን ትቀምሳለች፣ መልሳ ትጠቀለላለች። በወር አንድ ጊዜ ሲመዘኑ ክብደታቸው የቀነሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጤነኛ እንደሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በእነዚያ የብርድ ወራት ልጄ ስለ ቀለም ውርስ ትጠይቀኝ ጀመር። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን የአተር ሙከራ በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ለስንት ክፍል እንደሣልኩ አላስታውስም፤ ቁጥሩን ግን ዛሬም በቃሌ እላለሁ፦ 5474 ድቡልቡል፣ 1850 የተጨማደደ። ሦስት ለአንድ። ተማሪዎቼ ያምኑኝ ነበር፤ ነገር ግን እኔም እነሱም በዓይናችን ያየነው ውርስ አልነበረም። የሙከራ ቦታም፣ ለዚያ የሚተርፍ ጊዜም አልነበረንም። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ፣ አሁንም እዚያው የሚያስተምር፣ «ይህን ትምህርት በእምነት ነው የምናስተላልፈው» ይለኝ ነበር፤ ያስጨንቀውም ነበር።

አሁን ጥያቄው ቤዝመንታችን ውስጥ ተኝቷል። እንደ በርበሬ ጥቁር ቀለም የሌለው ኮርን ስኔክ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከዱር ተይዞ፣ በርናርድ ቤክተል የተባሉ የቆዳ ሐኪም እጅ ገባ፤ እሳቸው አራብተው ባሕርዩ ተደብቆ የሚተላለፍ መሆኑን አሳዩ። ጥቁሩ የሚጠፋው ግልገሉ ድብቁን ባሕርይ ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ብቻ ነው። በርበሬ ከሁለቱም ወርሷል። የዳማ እናትና አባት ግን አይታወቁም። በውስጧ ድብቁ ከሌለ፣ ልጆቿ በሙሉ እሷን መስለው ይወጣሉ፤ ካለ ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቀይ ይሆናሉ። አንድ ቀይ ግልገል እንኳ ከወጣ ምስጢሯ ተገለጠ ማለት ነው። ልጄ አራት ቤት ያለውን ሠንጠረዥ በደብተሩ ላይ ሠራች፤ እኔ አጠገቡ የጠመኔ ዘመኔን ቁጥሮች ጻፍኩላት።

በየካቲት መጨረሻ ሙቀቱን በጥቂት በጥቂቱ መለስን። የመጀመሪያው ምግብ ትንሽ መሆን አለበት፣ ገና ፀጉር ያላወጣ የአይጥ ግልገል። ዳማ እንደዚያ በልታ አታውቅም። በዚያ ሳምንት የእኛ ዐቢይ ጾም ገባና ባለቤቴ ከላይ ሆና «የእነሱ ሲፈታ የእኛ ያዘ» አለች፤ ስለ እባቦቹ ሳትጠየቅ ስትናገር ያን ጊዜ ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ያለው የዕቃ ሥራ ነው። እንቁላል መጣያውን ከፕላስቲክ ዕቃ ሠራን፦ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ፣ ውስጡ እርጥብ የረግረግ ሣር። እርጥብ ቦታ ያላገኘች ሴት የመጠጫ ውኃዋ ውስጥ ትጥልና እንቁላሉ ይበላሻል። ለመፈልፈያው አሮጌ ኩለር ተጠቀምን፤ ከሥሩ የማሞቂያ ገመድ፣ ከላዩ ቨርሚኩላይት የተሞሉ ሣጥኖች፣ ሙቀቱን 28 ላይ የሚይዝ ቴርሞስታት። እንቁላል ከመምጣቱ ብዙ ሳምንት ቀድሞ ባዶውን አበራነው። ልጄ ያልተፈተነ ነገር ላይ ሕይወት አይቀመጥም አለች፤ እኔም የሌሊቱን ቁጥር መጻፌን ቀጠልኩ፣ በዚህ ጊዜ 28፣ 28፣ 28። ለግልገሎቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ የየራሱ ትንሽ ሣጥን ተዘጋጀ፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ አልፎ አልፎ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ፣ ማን በልቶ ማን እንዳልበላም አይታወቅም።

ዳማ በሚያዝያ ቆዳዋን ጣለች። ከብርዱ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ቆዳ መጣል ለመገናኘቱ ምልክት ነው፤ ወንዱ በጠረኗ ዝግጁነቷን ያውቃል። በዚያ ማታ ልጄ ዝርዝሩን ለመጨረሻ ጊዜ አነበበችልኝ። ከሃያ በላይ ቦታ ነበር፤ ከየቤቱ ወላጅ የፈረመበት ወረቀትም ተያይዟል። ከዚያ ዳማን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ በርበሬ ሣጥን አስገባቻት።

በሰኔ መጀመሪያ 14 እንቁላል አገኘን፤ ነጭ፣ ሞላላ፣ ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ልስልስ። ሁለቱ ቢጫ ያዘሉ፣ ያልዳበሩ ነበሩ። ባለቤቴን ወደ ቤዝመንት ያወረዳት ይህ ነው። ዶሮ ማስታቀፍ ከእናቷ የተማረች ሴት ናትና እንቁላል ሲባል ርቃ መቆየት አልቻለችም። የእጅ ባትሪ ይዛ በአንዱ ላይ አበራችና ውስጡ ያሉትን ቀያይ የደም ሥሮች እያየች «ይሄማ ያዘ» አለች። ልጄ የላይኛውን ጎን በእርሳስ ስታመለክት አይታም ጠየቀች፦ «ዶሮ እንኳ እንቁላሏን በቀን ስንት ጊዜ ታገላብጣለች፤ እናንተ ለምን አትንኩት ትላላችሁ?»

«የዶሮ እንቁላል ውስጥ አስኳሉን ከሁለቱ ጫፎች የሚይዝ ነጭ ክር አለ፣ እማዬ። ሲገላበጥ አስኳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእባብ እንቁላል ያ ክር የለውም። ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ከተያያዘ በኋላ ብናገላብጠው ሊሞት ይችላል።»

ባለቤቴ ያንን ነጭ ክር በሕይወቷ ሙሉ ሰብራ በጠበሰችው እንቁላል ውስጥ አይታዋለች። ነገሩ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀኑን ሙቀት ደብተሩ ላይ የምትጽፈው እሷ ሆነች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በነሐሴ፣ ቅርፊቶቹ በውስጥ በኩል በትንሿ የእንቁላል ጥርስ ተሰነጠቁ። ግልገሎቹ አፍንጫቸውን አውጥተው ቀኑን በዚያው ይቆያሉ፤ አስኳሉን ሳይጨርሱ አይወጡም፣ መጎተትም አይገባም። የመጀመሪያው ጭንቅላት ጥቁር ዓይን ነበረው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ከስንጥቁ ሲወጣ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ ዓይኑ ቀይ ነበር። ከ12ቱ ሰባቱ እናታቸውን፣ አምስቱ አባታቸውን መሰሉ።

ከሌሊት ሥራ ስመለስ ደብረ ማርቆስ ጠዋት ነው። ለጓደኛዬ ደወልኩና የግልገሎቹን ፎቶ፣ የሠንጠረዡንም ፎቶ ላክሁለት። ስለ እባቦቹ አልደነገጠም። «አባትየው ቀይ መሆኑ ተረጋግጧል? ከእናትየው ጋር ሌላ ወንድ አልነበረም?» ብሎ እንደ ፈታኝ መረመረኝ፤ መለስኩለት። በሚቀጥለው ወር ትምህርት ሲከፈት ሰባት ለአምስትን ከሜንዴል አተር ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ነገረኝ። ከዚያ፣ «ግን 12 ለአንድ ክፍል ያንሳል፤ ለልጅህ ንገራት፣ ሴቷ ካገገመች በኋላ ስትደግመው ቁጥሩን ሳትዘገይ ትላክልን» አለኝ። ነገርኳት። ለመጪው ዓመት አዲስ የስም ዝርዝር መጀመር እንዳለባት መለሰችልኝ።